ፊልሙ ሲያልቅ የሚጀመረው ወሬ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናችሁን አቅርባችሁ አንብቡት። ጊዜ የሌለው ላይክ አድርጎ ይለፍ፣ አልቀየመውም።

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ሰው ያየውን ፊልም ሲያወራ የሚጽፈውን ሁሉ ቁጭ ብለህ የምታነበው ለምንድን ነው? እሱም ታሪክ ነው እንዴ?» አለኝ። ነው እንጂ! እንዲያውም ከፊልሙ ይልቅ ወሬው የበለጠ ታሪክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ፊልሙ በቆርቆሮ ጣሳ ታሽጎም ቢሆን ይቆያል። ሕዝቡ ከሲኒማ ቤቱ በር ሲወጣ የተባባለው ግን እዚያው በር ላይ በኖ ይቀራል። የፊልሙን ዕድል የወሰነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያ የበነነው ነገር ነው። ለአጭር መልስ ስላልተመቸኝ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከራሳችን ልጀምር። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ ምን ብሎ እንደጠራው ታውቃላችሁ፤ «ሰይጣን ቤት»። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ሁሌም ይሳቅ ነበር። እኔ ግን እንደ ቀልድ አላየውም። ከደረሱኝ የኢትዮጵያውያን የፊልም አስተያየቶች ሁሉ ከሱ የሚቀድም አላውቅም፤ በሁለት ቃል ያለቀ አስተያየት። ሥጋ የሌለው ሰው ግድግዳ ላይ ሲሮጥ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል? ደግሞ ልብ በሉ፣ ይህ ስም ዝም ብሎ ስም አይደለም፣ ሥራ ሠርቷል። ማን እንደሚገባ፣ ማን ከሩቅ አማትቦ እንደሚያልፍ፣ እናት ለልጇ ምን እንደምትል ወስኗል። ስሙን ካሰራጩት ሰዎች አብዛኞቹ ደጃፉን ረግጠው እንደማያውቁም እጠረጥራለሁ። ሳያዩ አስተያየት መስጠት ዛሬ የመጣ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተጽናኑ፣ ዕድሜ ጠገብ ነው።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ የተሻሉ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ፓሪስ ውስጥ፣ ግራንድ ካፌ ከሚባለው ቤት ምድር ቤት፣ የሉሚዬር ወንድማማቾች ለመጀመሪያ ጊዜ በገንዘብ ፊልም ሲያሳዩ ከፍሎ የገባው ሰው 33 ነበር። «ባቡሩ ሲመጣ ተመልካቹ ደንግጦ ሸሸ» የሚለውን ታሪክ ሁላችሁም ሰምታችኋል። የዚያን ምሽት ፕሮግራም ውስጥ ግን የባቡሩ ፊልም ጭራሽ አልነበረም። በኋላ ሲታይም ሰው ከአዳራሽ ሸሽቶ ወጣ ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የታሪክ ተመራማሪዎች አላገኙም። ታሪኩን የወለደው ወሬ ነው። በዓመቱ፣ በ1896፣ ሩሲያዊው ጎርኪ (ያኔ ገና የ28 ዓመት ጋዜጠኛ ነው) ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ውስጥ ይህንኑ የሉሚዬር ፊልም አይቶ ጋዜጣ ላይ ጻፈ። እሱን ያስጨነቀው ግራጫው ቀለምና ዝምታው ነበር። ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም፤ ቅጠል ይወዛወዛል፣ ድምፅ የለም። እንዲህ ያለው ምስክር ለኔ ከመቶ «ሸሹ» ይበልጥብኛል፤ ያየውንና የተሰማውን ለያይቶ ነውና የሚነግረኝ።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልግባ፤ «ሾሌ»።

የህንድ ፊልም የምትንቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለአምስት ደቂቃ ታገሱኝ። «ሾሌ» ፍም ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ራሜሽ ሲፒ፣ ጸሐፊዎቹ ሳሊም ካንና ጃቬድ አክታር ናቸው። ቀረጻው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1973 ባንጋሎር አጠገብ ራማናጋራ በሚባል ድንጋያማ አካባቢ ተጀመረ። ፊልሙ ለእይታ የበቃው ኦገስት 15 ቀን 1975፣ በህንድ የነፃነት ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 9 ቀን 1967 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በ12ኛው ቀን እዚህ አዲስ አበባ ንጉሠ ነገሥቱ አረፉ ተባለ። ዓለም አንድ ላይ ስትሄድ እንዲህ ናት፤ አንዱ ጋ ሲኒማ ይመረቃል፣ አንዱ ጋ ዘውድ ይቀበራል።

ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ጋባር ሲንግ የሚባል ሽፍታ የአንድ ፖሊስ ቤተሰብ ይፈጃል፣ የራሱን የፖሊሱንም ሁለት እጆች ይቆርጣል። እጅ አልባው ሰው ሁለት ተራ ሌቦችን፣ ጄይንና ቪሩን፣ ቀጥሮ ሽፍታውን ከነሕይወቱ እንዲያመጡለት ያደርጋል። አሚታብ ባችቻን ጄይን፣ ዳርሜንድራ ቪሩን ሆነው ይሠራሉ። ሽፍታው አምጃድ ካን ነው፤ ያኔ እምብዛም የማይታወቅ ተዋናይ።

ወጪው ለጊዜው የሚያስደነግጥ ነበር፣ ወደ 3 ክሮር ሩፒ (30 ሚሊዮን ማለት ነው)። እንግዲህ ፊልሙ ሲወጣ ምን ሆነ? ሃያሲዎቹ አጣጣሉት። የፊልም ንግድ ጋዜጦች ከሰረ አሉ። አዳራሹ ውስጥ ሳቅ የለ፣ ጭብጨባ የለ፣ ዝም! በመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ አዘጋጆቹ ተደናግጠው ስብሰባ ተቀመጡ። ሐሳቡ ምን መሰላችሁ? መጨረሻውን እንደገና ቀርጾ፣ የሚሞተውን ጄይን ማዳን። አሚታብ ሞቶ ሕዝቡ እንዴት ይወደዋል ነው ነገሩ። በመጨረሻ ትንሽ እንጠብቅ ተባባሉ። ጸሐፊዎቹ እንዲያውም በንግድ ጋዜጣ ማስታወቂያ አውጥተው ፊልሙ በየዋና ዋናው የገበያ ክልል 1 ክሮር ያስገባል ብለው ተወራረዱ። እብደት ነበር የመሰለው።

እዚህ ላይ አንድ በጣም የምወደው ነገር አለ። ቦምቤይ፣ ወርሊ ሰፈር፣ ጊታ የሚባለው ሲኒማ ቤት ባለቤት ዳይሬክተሩን አግኝቶ «አትጨነቅ፣ ፊልምህ ተሳክቷል» አለው። እንዴት አወቅህ ሲለው የለስላሳና የአይስክሬም ሽያጬ ወረደ አለ። በእረፍት ሰዓት ሰው ከመቀመጫው አይነሳም፣ ደንግጦ ባለበት ቀርቷል። አያችሁ? ጋዜጦቹ ያንኑ ዝምታ «አልወደዱትም» ብለው ተረጎሙት። ለስላሳ ሻጩ ግን በትክክል አነበበው። ተማሪዎቼ ማስረጃ ማንበብ ስላችሁ ይህንን ማለቴ ነበር። የማኅደር ሰነድ ብቻ ማስረጃ አይደለም፣ ያልተሸጠ ለስላሳም ማስረጃ ነው።

ከዚያ ወሬው ተነሳ። ከአዳራሽ የወጣው ሰው የሽፍታውን ንግግር እየደጋገመ ሄደ። ሻይ ቤት፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ቢሮ። ዘፈኖቹ በመጀመሪያ ብዙም አልተሸጡም ነበርና የሸክላ ኩባንያው ገበያውን አይቶ ንግግሮቹን በሸክላ አሳተመ። የፊልም ንግግር እንደ ዘፈን! ሰው እቤቱ ቁጭ ብሎ የሽፍታ ፉከራ ያዳምጣል። ፊልሙ ቦምቤይ ውስጥ ሚኔርቫ በሚባለው ሲኒማ ቤት ከአምስት ዓመት በላይ ታየ። የፊልምፌር ሽልማት ሲመጣ ግን ለዘጠኝ ታጭቶ አንድ ብቻ ነው ያገኘው፣ የኤዲቲንግ። ዳኞቹ ሌላ ቦታ ነበሩ፣ ሕዝቡ ሌላ ቦታ።

አንድ ነገር ግን የሕዝብ ወሬም ሊያድነው አልቻለም። በመጀመሪያው ቅጂ እጅ አልባው ፖሊስ ሽፍታውን ችንካር ባለው ጫማው ረግጦ ይገድለዋል። ወቅቱ ኢንዲራ ጋንዲ አስቸኳይ ጊዜ ያወጁበት፣ ሳንሱር የጠበቀበት ነው። የቀድሞ ፖሊስ ሕግን በራሱ እጅ (በእግሩ ብንል ይሻላል) ማስገባት የለበትም ተባለና ፖሊሶች ደርሰው ሲይዙት ተደርጎ እንደገና ተቀረጸ። የሞተውን ጀግና ለሕዝብ ብለው ሳያድኑት ሽፍታው በመንግሥት ትእዛዝ ዳነ ማለት ነው። የመጀመሪያው መጨረሻ ያለበት ቅጂ ታድሶ ቦሎኛ፣ ጣልያን ላይ በትልቅ አደባባይ የታየው በ2025 ነው፤ ከ50 ዓመት በኋላ።

እኔ «ሾሌ»ን ያየሁት በ1980ዎቹ መጨረሻ (በእኛ) በቪዲዮ ቤት ነው። ወጣት መምህር ነበርኩ። ተማሪ እንዳያየኝ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ ገባሁ። ብርድ ልብሱን ገለጥ ሳደርግ ከእናንተ መካከል ሦስታችሁ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተደርድራችኋል፤ ስም አልጠራም። የዛሬ ልጆች ቪዲዮ ቤት ምን እንደነበር አታውቁም። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ በብርድ ልብስ የተጋረደ መስኮት፣ የላብና የቆሎ ሽታ። ደጅ ላይ ካርቶን ላይ በፓርከር የተጻፈ፣ «8 ሰዓት አክሽን፣ 10 ሰዓት ህንድ»። ካሴቱ ሲያንገራግር ባለቤቱ በጨርቅ ሊያብስ ይነሳል፣ ሰው ያፏጫል።

ሕጉን ታስታውሳላችሁ? «አክተር አይሞትም»። አክተር ማለት ተዋናይ ማለት አልነበረም፣ ዋናው ጀግና ማለት ነው። ሌሎቹ ሁሉ ለመሞት የመጡ ናቸው። እና ጄይ ሲሞት ቤቱ ፀጥ አለ። ያው የቦምቤዩ ፀጥታ መሆኑ ነው፣ ከ20 ዓመት በኋላ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ። ከዚያ አንዱ «ኧረ አክተሩ ሞተ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «አክተሩስ ያኛው ነው፣ ይሄ ጓደኛው ነው» አለ። ጠቡ ከፊልሙ ረዘመ። አሚታብ ነው አክተሩ፣ የለም ዳርሜንድራ ነው። አንድ ትልቅ ሰው፣ ጠባቂ መሰሉኝ፣ ከኋላ ሆነው «አክተሩ እጅ የሌለው ሰውዬ ነው» አሉ። ሁሉም ዝም። እስከ ዛሬ ድረስ ስለዚያ ፊልም ከዚያ የተሻለ ሐሳብ አልሰማሁም፣ አላነበብኩምም።

ሌላው ሁሉ ቀርቶ፣ ከመካከላችን ሂንዲ የሚያውቅ አልነበረም። በአማርኛ የተጻፈ ትርጉምም አልነበረም። ስለዚህ ከፊልሙ በኋላ የነበረው ወሬ አስተያየት ብቻ አልነበረም፣ ፊልሙን የመተርጎም ሥራ ነበር። «ለምንድን ነው ያለቀሰችው?» «ባሏ ሞቷላ፣ ነጭ የለበሰችው ለሱ ነው።» አንዱ ከህንዳዊ አስተማሪው የሰማውን ያዋጣል (የህንድ መምህራን በየክፍለ ሀገሩ የነበሩበትን ዘመን ታላላቆቻችሁ ይንገሯችሁ)፣ ሌላው ሌላ ቦታ ካየው ፊልም ያመጣል። በማግስቱ ደግሞ የመግቢያ ሳንቲም ላላገኙት ልጆች የሚያወራ ልጅ አለ። የቡጢውን ድምፅ በአፉ እያሰማ፣ ፈረሱን እየጋለበ፣ ያላየውን እየጨመረ። ብዙ ሰው «አየሁ» የሚለውን ፊልም ያየው በዚያ ልጅ አፍ ነው። ያ ልጅ የት ደረሰ? የትኛውም የሲኒማ ታሪክ መጽሐፍ አይጠቅሰውም።

አሜሪካኖቹም የዚህ ዓይነት ታሪክ አላቸው፣ ቶሎ ልለፈው። «ዘ ሾውሻንክ ሪደምፕሽን» በ1994 ወጥቶ በ25 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ በመጀመሪያ ዙር 16 ሚሊዮን አካባቢ ብቻ ነው ያስገባው። ለሰባት ኦስካር ታጨ፣ አንድም አላገኘም። ከዚያ በኪራይ ካሴትና በቴሌቪዥን ሰው ለሰው እያለ፣ «እሱን አላየህም እንዴ?» እየተባባለ፣ ተመልካቾች ራሳቸው ነጥብ በሚሰጡበት የአይኤምዲቢ ዝርዝር ከ2008 ጀምሮ አንደኛ ላይ ተቀመጠ። የኔ አስተያየት? ጥሩ ፊልም ነው፣ አንደኛ ግን አይደለም። አትጣሉኝ።

ከሱ ይልቅ የኛን ሰው ላውራ። ኃይሌ ገሪማ፣ የጎንደር ልጅ፣ በ1946 እ.ኤ.አ. የተወለደ። ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ ተምሮ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምሯል። መምህር ስለሆነ ብቻ አይደለም የማደላለት፣ እሱም አለበት ግን። «ሳንኮፋ»ን ለመሥራት ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጀበት። ታሪኩ ጋና ካለው የባሪያ ንግድ ምሽግ ይጀምራል። ለፎቶ ሥራ የመጣች ሞና የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል ወደ ኋላ ተመልሳ ሾላ የምትባል ባሪያ ሆና በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ራሷን ታገኛለች። በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ለውድድር ቀረበ። ከዚያ ወደ አሜሪካ ሲመለስ አከፋፋይ ጠፋ። ማንም አልነካውም። ባሪያው ዝም ብሎ የማይሰቃይበት፣ የሚያምፅበት ፊልም ማን ይግዛው?

ኃይሌ ምን አደረገ፤ ሲኒማ ቤቶቹን ራሱ ተከራየ። ዋሽንግተን ላይ ተጀመረ፣ ከዚያ ከተማ ለከተማ። አብያተ ክርስቲያናት፣ የጥቁሮች ሬዲዮ ጣቢያዎች፣ የሰፈር ማኅበራት ያዩት ላላዩት እየነገሩ አዳራሹን ሞሉት። ለአንድ ሳምንት የታሰበው ለብዙ ሳምንት ቀጠለ። ለማስታወቂያ የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም፣ የነበረው ሰው ብቻ ነው። እናት ልጆቿን ይዛ ተመልሳ ትመጣለች፣ ሌላው የቤተ ክርስቲያኑን ሰዎች በአውቶቡስ ጭኖ። በኋላ ኃይሌና ባለቤቱ ሽሪኪያና አይና ሃዋርድ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ በዚሁ በፊልሙ ስም መጽሐፍና ፊልም የሚሸጥ ቤት ከፈቱ። ዋሽንግተን ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ቡናውንም ጠጥታችሁበታል። ፊልሙ ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው በ2021 ነው፤ ከ28 ዓመት በኋላ። ያን ሁሉ ዓመት በሕይወት ያቆየው ያዩት ሰዎች አፍ ነው። አከፋፋዮቹ «ተመልካች የለውም» ብለው ነበር፤ ተመልካቹ ግን በር ላይ ተሰልፎ ነበር።

የራሱ የኃይሌ «ጤዛ» በ2008 ቬኒስ ላይ ልዩ የዳኞች ሽልማት፣ በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ስለ ሽልማቱ ብዙ ተብሏል፣ እኔ የማወራው ሌላ ነገር ነው። ፊልሙን ከአንድ የሰፈራችን ሰው ጋር ነው ያየሁት። ጡረተኛ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ለ20 ዓመት ጎረቤት ሆነን ስለ ኳስ፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መንገዱ ጉድጓድ አውርተናል። ከሲኒማው ስንወጣ ታክሲ አልያዝንም፣ በእግር ሄድን። እኔ ስለ ካሜራው፣ ስለ ጣና ውበት፣ ስለ ተዋናዩ እቀባጥራለሁ። እሳቸው ድንገት ቆም አሉና «ወንድሜን ከቤት የወሰዱት እንደዚያ ነው፣ ልክ እንደዚያ፣ እራት ላይ ነበርን» አሉ። ወንድም እንደነበራቸው አላውቅም ነበር። 20 ዓመት ሙሉ! በቀይ ሽብር ጊዜ የ19 ዓመት ልጅ ነበር። እስከ ቤታቸው በር ድረስ ነገሩኝ፣ እዚያም ቆመን ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ፊልሙን ጨርሶ አላነሱም፤ «አሪፍ ነው» አላሉ፣ «ደባሪ ነው» አላሉ።

እኔ ክፍል ውስጥ ስለ ቀይ ሽብር አስተምር ነበር፤ ቀን፣ ምክንያት፣ ውጤት። ያን ምሽት የሰማሁት በየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የለም። ፊልሙ ራሱም ውስጥ የለም። የመጣው ፊልሙ ካለቀ በኋላ፣ በእግር መንገድ ላይ ነው።

ስለዚህ አንድ የምጠይቃችሁ ነገር አለ። «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. አካባቢ የወጣ፣ የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ዳይሬክተሩ ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ፣ ጸሐፊው ኢላላ ኢብሳ። ርዕሱን ብቻ ተመልከቱት፤ አባቷ ማነው ብሎ በአደባባይ የሚጠይቅ ፊልም፣ በዚያ ዘመን። የወጣ ዕለት አዳራሽ ውስጥ የነበረች የ18 ዓመት ልጅ ዛሬ ወደ 80 ናት። ከጎኗ ማን ነበር? እናቷ ፈቅዳላት ነው ወይስ ተደብቃ? ስትወጣ ምን አሉ፤ «የኛን ገመና አወጡት» ነው ወይስ «እሰይ ተናገሩት»?

እናትና አባቶቻችሁን፣ አያቶቻችሁን ጠይቁልኝ። «ወደዱት ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ «አዎ ልጄ» ብለው ይዘጉባችኋል። የት እንዳዩት፣ ከማን ጋር፣ ምን ለብሰው፣ መግቢያው ስንት እንደነበር፣ አዳራሹ መቼ እንደሳቀና መቼ ዝም እንዳለ ጠይቁ። «ሂሩት»ን ካላዩ «ጉማ»ን፣ እሱንም ካላዩ የትኛውንም ህንድ። ስልካችሁን አጠገባቸው አስቀምጣችሁ ቅዱት፣ ወይ እዚሁ ከታች ጻፉት። ከስድስት ኪሎ ሰፈር አንድ እናት ለመጪው እሁድ ቀጥረውኛል፣ «ሂሩት»ን ሁለት ጊዜ ነው ያየኋት ብለዋል።